ቅሬ ያልገባበት ዕቅድ

ሰኞ፣ ጥቅ. 3፣ ጧት

ካፖርት ለብሼ ወጣሁ፣ ካፖርት ተሸክሜ ገባሁ። እንደ ሁልጊዜው። ደሴ ላይ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንቃረብ ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ልብሱን እያወለቀ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። ረዳቱ ካፖርቴን አየና ለእሱም ሒሳብ ይከፈላል አለኝ። ወንበር ከያዘ እከፍላለሁ አልኩት። ወንበር አልያዘም፤ ያው ጭኔ ላይ ነው።

አንተ ደብተር፣ ከሥልጠና የተሰጠኸኝ ነህ። ሽፋንህ ላይ «ለውጥ ከእኔ ይጀምራል» ተብሎ ታትሟል። ከኔ ጋር ስትወርድ ስትወጣ ከረምክ፤ ጥግህ ከመላጡ በቀር ያየሁብህ ለውጥ የለም። አልፈርድብህም።

የጧት ስብሰባ። ግድግዳው ላይ ሠንጠረዡ። አዲሱ ወፍጮ ተተክሏል፦ አረንጓዴ። ማሸጊያው፦ አረንጓዴ። የመጋዘን፣ የሽያጭና የበር ኮምፒውተር፦ አረንጓዴ። ሰርቪስ አውቶቡስ፦ አረንጓዴ። የደሴ ሠራተኞች ዝውውር፦ ቀይ። እንደ በርበሬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ ያለው አሮጌ ወፍጯችን ይዘጋል። ሠራተኛው ኮምቦልቻ ወደተሠራው አዲስ ፋብሪካ ይወርዳል። ዱቄቱም ፓስታውም ብስኩቱም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ቀንና ሌሊት፣ በሦስት ፈረቃ። አምስት ፕሮጀክት፤ በላያቸው አንድ ፕሮግራም፤ በፕሮግራሙ ላይ እኔ። ልዩነቱ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው፦ ፕሮጀክት ቤቱን መሥራት ነው፣ ፕሮግራም ሰውየው ገብቶ እንዲኖርበት ማድረግ ነው። ቤቱን ሠርተናል። ያማረ ቤት ነው። ባዶ ነው።

የፈረቃው ድልድል የኔ ሥራ ነው፤ እኮራበታለሁ። ጎረቤት ከጎረቤቱ እንዳይለይ ብዬ የሆጤ ሰፈር ሰዎችን ጧት፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈሮቹን ከሰዓት፣ የቀረውን ሌሊት አደረግኩ። አውቶቡሱ አንድ ቦታ ቆሞ ሁሉንም ያፍሳል። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ያለው ዕቅድ በመጽሐፍም አላየሁ።

ዋ/ሥ/አስኪያጁ አቶ ታምራት (ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ኮምቦልቻ ብቻውን የሚኖር፣ ሰዓቱን የማያሳልፍ) የቦርዱን ውሳኔ አነበበ። እስከ ጥቅምት ማለቂያ ዝውውሩን ያልፈረመ የደሴ ሠራተኛ ይሰናበታል። በቦታው አዲስ ሰው ይቀጠራል።

እስካሁን የፈረመ፦ የለም። አንድም።

እዚያ ወፍጮ ውስጥ ሽበታቸውና ዱቄቱ የማይለይ ሰዎች አሉ። ሌላ ሥራ አያውቁም፤ በዚህ ዕድሜያቸው ማንም አይቀጥራቸውም። ቀዩን አጠፋለሁ፤ ሰው ሳላሰናብት።


ረቡዕ፣ ጥቅ. 5

አሮጌው ወፍጮ ግቢ ውስጥ ስብሰባ። ፎርማኑ ጋሽ ይመር በዱዓ ከፈቱ። ቁመተ ረጅም፣ ድምፃቸው ከወፍጮው በላይ የሚሰማ፣ ከሰው ፊት ቀልድ የማያልቅባቸው። ሆጤ ጎረቤቴ ናቸው። የቀባሪ ማኅበራችን፣ የቅሬያችንም ዳኛ።

ተናገርኩ። የደመወዝ ጭማሪ፣ አውቶቡስ፣ ምሳ፣ ክሊኒክ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ጥያቄ? የለም። ቅሬታ? ኧረ ምን ሲደረግ። ጋሽ ይመር ተነሥተው፣ የኛ ልጅ ለዚህ መድረሱ ራሱ ለኛ ክብር ነው፣ አላህ ያሳካላችሁ አሉ። ጀማው አሚን አለ። ያሳካላችሁ። ያሳካልን አላሉም። ይህን የሚለካ መሣሪያ ገና አልተሠራም።

የፊርማ ጠረጴዛ ዘርግቻለሁ፣ አዲስ እስክሪብቶ አስቀምጫለሁ። አንድ በአንድ መጡ። ጨበጡኝ፣ ልጆቼን ጠየቁ፣ የባለቤቴን የራህመትን ጤና ጠየቁ፣ ውሃቸውን አንሥተው ሄዱ። እስክሪብቶውን እንኳ የወሰደ የለም።


ዓርብ፣ ጥቅ. 7፣ ከጁምዓ መልስ

ሦስት ሰው፣ ሦስት ምክንያት። አቶ ታምራት፦ ለውጥ መፍራት ነው፣ በየትም አገር ያለ ነው። እኔ፦ ቆላው ነው፣ ሙቀቱና ወባው። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ዘነበች፦ ምክንያቱን ካወቅሁትማ እዚህ ምን እሠራለሁ።

መጠይቅ በተንን። ሁሉም ሞላ። ሁሉም «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አደረገ። «የሚያሳስብዎት ነገር ካለ» በሚለው ሥር አንዱ «የአስተባባሪው ጤና» ብሎ ጽፏል። መስተዋት አየሁ። እውነትም ከስቻለሁ።

ዘነበች ወረቀቶቹን ሰብስባ ስትወጣ፣ «ሰይዶ፣ እምቢ ቢሉህ ይሻልህ ነበር» አለችኝ። «እምቢ ያለ ሰው ይለመናል። እሺ ያለውን ምን ብለህ ትለምነዋለህ?»

እሺ አልኳት።


ማክሰኞ፣ ጥቅ. 11

ጉብኝት። የደሴዎቹን በአውቶቡስ አወረድናቸው። እንደ ሠርገኛ ዘፍነው ወረዱ። ጋሽ ይመር አዲሱን ወፍጮ በሬ እንደሚገዛ ሰው ዞሩት፤ ሆዱን መታ መታ አደረጉት፣ ጥርሱን ሊያዩ ምንም አልቀራቸው። ወደዱት። ዓይናቸው ላይ አየሁት፤ ይህን መሣሪያ መንካት ይፈልጋሉ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። የጉብኝቱ ብቸኛ ጥያቄ። «በፈረቃ መሃል ሰው ቢጠራ እንዴት አድርጎ ነው የሚወጣው?»

አይወጣም አልኳቸው፣ በኩራት። በሩ በካርድ ነው የሚሠራው፤ ፈረቃው ሳያልቅ አይከፍትም። ድሮ እንደነበረው ሥራ ጥሎ መውጣት ቀረ። ካርዱን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ረዘም አድርገው።

«ማሻ አላህ» አሉና መለሱልኝ።

ምሳ በሉ። ፎቶ ተነሡ። ፋብሪካውን መረቁ። የፈረመ፦ የለም።


ሐሙስ፣ ጥቅ. 20

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከቦርዱ ሰዎች ጋር ተዘግቼ ዋልኩ። ስልኬን ድምፅ አጥፍቼ። ርእሱ፦ የደሴ ሠራተኞች ለምን እንዳልፈረሙ። አራት ዓይነት ሥዕል አሳየኋቸው፤ ቀስት ያለው ሁሉ።

ሲመሽ ወጣሁ። ሆጤ ስደርስ ከአጥራችን ማዶ ድንኳን ተተክሏል።

ጋሽ አየለ። ልብስ ሰፊው። ሌሊት አርፈው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀብረዋል። የቅሬው ጠሪ በራችን ላይ ሁለቴ ጠርቷል፤ ራህመት የለም ብላ መልሳለች። ስልኬን ስትሞክር ውላለች። ከሴቶቹ ጋር ሄዳ መጥታለች። ሰው ሲፈልግህ ነበር አለችኝ። በዚህች ቃል ሁሉን ነው ያለችው።

የካፖርቴን ገበር የቀየሩልኝ እሳቸው ናቸው። ይህን ጨርቅ ከጣልክ ልብ የለህም ብለውኝ ነበር፣ መርፌ በአፋቸው እንደያዙ።

ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ሰፊ ቦታ። ለሦስት ሰው የሚበቃ። ሰው እንዲህ ሰፋ አድርጎ ሲለቅልህ ምን ማለት እንደሆነ ደብተርም ብትሆን አይጠፋህም።


እሑድ፣ ጥቅ. 23

የቅሬ ስብሰባ። ከቀብር የቀረ ሰው ተነሥቶ ለምን እንደቀረ ይናገራል፤ ደንቡ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል ይጠየቃል። ተነሣሁ።

ጋሽ ይመር በዳኛነታቸው፣ ሳይስቁ፦ የት ነበርክ?

ስብሰባ ላይ።

የምን ስብሰባ?

እናንተን ወደ ኮምቦልቻ ስለማውረድ።

መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። ጋሽ ይመር ራሳቸው በኩታቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔም ልስቅ አፌን ከፍቼ፣ እንደተከፈተ ቀረ።

አግዳሚዎቹን አየሁ። ወፍጮው ነው የተቀመጠው። ማሸጊያው፣ ጫኝና አውራጁ፣ መካኒኩ። የጧት ፈረቃዬ በሙሉ፣ በአንድ ቅሬ። ሐሙስ ዕለት እኔ የነበርኩበት ቦታ፣ በኔ ዕቅድ መሠረት፣ ሁሉም የሚገቡበት ነው። ስልክ የጠፋበት፣ በካርድ የተዘጋ ክፍል። ሆጤ ላይ አንድ ሰው ቢሞት ቀባሪው በሙሉ ሐረጎ ሥር በር ተዘግቶበታል። ወጥቶ ከሄደም ፋብሪካው ቀጥ ይላል። ጎረቤትን ከጎረቤቱ አልለይም ብዬ፣ በርኅራኄ፣ ሁሉንም በአንድ ወጥመድ።

ከቀብር እየደጋገመ የቀረ ይሰረዛል፤ ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ቤት ድንኳን አይተከልም። እናቱ ብትሞት ቃሬዛ የሚሸከምለት የለም። ይህን የደመወዝ ጭማሪ አያክመውም።

ለምን አልነገራችሁኝም አልኩ፤ ድምፄ ወጣ ብሎ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ጋሽ ይመር፦

«አንተ የቅሬ ልጅ ነህ። አባትህን ማን ቀበረው? እኛ። ይህን አታውቅም ብለን እንዴት እንጠርጥር? አውቆ ነው አልን። አውቆ የተኛን ቢጠሩት አይሰማም። ደግሞስ፣ እንቅበር ፍቀዱልን ተብሎ ይለመናል? ወላሂ ነውር ነው።»

ይኸው። አራት ዓይነት ሥዕል፣ አንድ መጠይቅ፣ አንድ ጉብኝት። ስንቱን ባለድርሻ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ መዘጋጃ ቤቱን፣ ባንኩን፣ ዳቦ ቤቶቹን። ራሴ የምቀመጥበትን አግዳሚ ረሳሁት።

ቅጣቴ፦ ለሚቀጥለው ቀብር ከቆፋሪዎቹ ጋር ቀድሜ መገኘት። ተቀበልኩ።


ሰኞ፣ ጥቅ. 24

ለአቶ ታምራት ነገርኩት። ዕድር ማለትህ ነው? አለ። እንደዚያው፣ አልኩ፤ እኛ ጋ ግን ድንኳንና ድስት ብቻ አይደለም፣ እግርህን ይፈልጋል። ለቀብር ብሎ ሰው የሚለቅ ፋብሪካ በየትኛው መጽሐፍ ነው ያየኸው አለኝ። በየትኛውም አልኩት። ባዶ ፋብሪካም በየትኛውም አላየሁም።

አልወደደውም። ወጣሁ።

ከዘነበች ጋር ድልድሉን አፈረስነው። ሆጤን በሦስቱም ፈረቃ በተንን፤ ቧንቧ ውሃንም እንደዚያው፤ ከኮምቦልቻ ልጆች ጋር ደባለቅን። እያንዳንዱን መሣሪያ ከሁለት ሰፈር የመጡ ሁለት ሰዎች እንዲያውቁት። ጥሪ ሲመጣ የሰፈሩ ግማሽ ይሄዳል፣ ግማሹ ይቀራል፣ በዕጣ። ክፍተቱን ሌላው ሰፈር ይሸፍናል። ኮምቦልቻ ላይ ቅሬ ሲጠራ ደሴዎቹ ይሸፍናሉ። ለጥሪ የምትቆም አንዲት ፒክ አፕ። ካርዱም ይከፍታል።

ውጤቱ፦ አውቶቡሱ አምስት ቦታ ይቆማል፤ ቢጫ። የወፍጮውና የማሸጊያው ሥልጠና በእጥፍ ይረዝማል፤ ሁለቱም ቢጫ። የበሩ ኮምፒውተር እንደገና ይሠራል፤ ቢጫ። አንድ ቀይ ላጠፋ ብዬ ያለኝን አረንጓዴ ሁሉ አቢጫሁት። ዘነበች ሠንጠረዡን አይታ፣ አደይ አበባ ቀደመን እንጂ ያምር ነበር አለች።

ግን ልክ ነው። ታምራት ካልፈቀደ በቦርዱ ፊት ብቻዬን እቆማለሁ።


ዓርብ፣ ጥቅ. 28

አቶ ታምራትን ደሴ አወጣሁት። ራስህ ስማቸው ብዬ። በሸሚዝ መጣ፤ የኔን ካፖርት ሰጠሁት። እኔ ስንቀጠቀጥ አመሸሁ።

የቅሬው ሽማግሌዎች፣ የሆጤም የቧንቧ ውሃም። ግማሹ ይሄዳል ግማሹ ይቀራል የሚለውን አነሣሁ። ጋሽ ይመር ፎርማንነታቸውን ደጅ ትተው ዳኛ ሆነው ገቡ። «ግማሽ ቀብር አለ እንዴ? ሬሳውን እስከ ወገቡ ልንቀብረው ነው?» ሳቅ። አንድ ሽማግሌ ቅሬ ከፋብሪካ በፊት ነበር አሉ። ዘነበች ከሴቶቹ በኩል ሆና፣ እንጀራስ ከሁለቱም በፊት ነበር፣ የተባረረ ሰው ለቀብር ሲሄድ በባዶ ሆዱ ነው የሚቆፍረው አለች። ሳቁ ቆመ።

ወዲያ ወዲህ ብለው ተስማሙ። በዕጣ ፋብሪካ የቀረ ሰው ከቀብር እንደቀረ አይቆጠርም፤ ግን ከፈረቃው ሲወጣ በቀጥታ ድንኳን ይገባል፣ ሦስት ቀን ሐዘንተኛ ጋ ያመሻል። በሚቀጥለው ጥሪ ዕጣ አይወጣለትም፣ ይሄዳል። ከኔ ሠንጠረዥ የተሻለ ደንብ ነው።

ከዚያ ጋሽ ይመር ወደ ታምራት ዞሩ። እንግዳ ስለሆነ በእርስዎ ነው የሚያናግሩት።

«እርስዎ ኮምቦልቻ ብቻዎን ነዎት አሉ።»

«አዎ።»

«አላህ ዕድሜ ይስጥዎት፣ ሟርት አይደለም። ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ ድርጅቱ አበባ ይልካል። ጥሩ ነው። አበባውን ሾፌሩ ይሸከመዋል። እርስዎን ማን ይሸከምዎታል?»

ታምራት ሰዓቱን አየ፤ ሰዓቱም አልረዳውም።

ልሸኘው በመኪናው አብሬው ወረድኩ። ሐረጎ መሃል ላይ፣ እየሞቀ ሲመጣ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ቅሬ ለመግባት የአገሩ ተወላጅ መሆን ያስፈልጋል እንዴ አለኝ።

ሟች መሆን ይበቃል አልኩት።


ሰኞ፣ ኅዳር 1

ታምራት ለቦርዱ ጻፈ። በሁለታችን ስም። መልሱ ከሰዓት መጣ፤ የፊርማው ቀነ ገደብ ተራዝሟል። ሥራው ኅዳር 22 ይጀመራል። ቅድመ ሁኔታ አለው፤ በመጀመሪያው ወር ለቀብር ተብሎ የማምረቻ መስመሩ አንዴ ቢቆም ድልድሉ ይሰረዛል፣ አዲስ ሰው ይቀጠራል። ማለትም ሁሉም ነገር በዚያ ወር መስመሩ ባለመቆሙ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔም እዚያው።

ጠረጴዛውን እንደገና አሮጌው ወፍጮ ግቢ ዘረጋሁ። ጋሽ ይመር መጀመሪያ ፈረሙ፤ ትልቅ ፊርማ፣ የሰው መስመር ላይ የወጣ። ከኋላቸው ተሰለፉ። ሲያልቅ ወረቀቶቹን ሰበሰብኩ።

እስክሪብቶው ጠፍቷል።

አልሐምዱሊላህ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ልምምድ። አንድ ሰው እንደሞተ ተቆጥሮ ጥሪ ይደረግና ሽፋኑ ይፈተናል። ችግሩ፦ የሚሞት ጠፋ። ሟርት ነው አሉ፣ ለውሸትም ቢሆን። ዘነበች ታምራትን ጠቆመች፤ አዲስ የቅሬ አባል ስለሆነ ቢጀምር ምን አለበት ብላ። ታምራት በትሕትና እምቢ አለ። በመጨረሻ ጋሽ ይመር፣ አሮጌው ወፍጮ ይሙት አሉ።

ሞተ። ጥሪው መጣ። ዕጣ የደረሳቸው ወጡ፣ ፒክ አፑ ይዟቸው ደሴ ወጣ። የቧንቧ ውሃና የኮምቦልቻ ልጆች ቦታቸው ገቡ። ወፍጮው ቀጠለ፣ ማሸጊያው ቀጠለ። ብስኩቱ አረረ፤ የምድጃው ተተኪ ቧንቧ ውሃም ሆጤም ያልሆነ፣ ገና ምድጃ ያላየ ሰው ሆኖ ተገኘ። የድልድል ስህተት፣ የኔ። ይታረማል። የፋብሪካው ግቢ በሙሉ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። በመክሸፉ ደስ ብሎኛል፤ ዛሬ ማረሩ ይሻላል።

ዕጣ የደረሳቸው ደሴ ደርሰው ምን አደረጉ? የምር ቀበሩት። ጋሽ ይመር የአሮጌውን ወፍጮ ማብሪያ ለመጨረሻ ጊዜ አወረዱ፣ ድንጋዩ እስኪቆም ቆመው ሰሙት፣ በሩን ቆለፉ፣ ፋቲሃ አነበቡለት። ከዚያ አለቀሱ አሉኝ። እኚያ ሰው። ቀልድ የጀመሩት እሳቸው ነበሩ።

ለውጥ ላይ የጻፉ ሊቃውንት የድሮው ሥርዓት በክብር ይሰናበት ይላሉ። ዱዓ ይደረግለት የሚል ግን አላነበብኩም። እጨምርበታለሁ።


እሑድ፣ ኅዳር 21

ነገ። የምድጃው ሰው ሠልጥኗል። ካርዱ ይከፍታል፣ ራሴ ሞክሬዋለሁ። ቦርዱ ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ እኔ ቆሜ አስረዳለሁ። ራህመት ከረባቴን ተኩሳለች። አሳመረችኝ አልል፤ የከሳ ሰው ከረባት ሲያስር ዕቃ ታስሮ የሚላክ ይመስላል። ግን ዝግጁ ነኝ።


ሰኞ፣ ኅዳር 22፣ ጧት፣ ኮምቦልቻ

መስመሩ ተነሣ። ድምፁ ከእግር በታች ይሰማል። ጋሽ ይመር ወፍጮው አጠገብ ነጭ ቆብ አድርገው፣ እንደ ሙሽራ ሚዜ። የመጀመሪያው ዱቄት ወረደ። ታምራት ሰዓቱን አላየም።

ሦስት ሰዓት ላይ ስልክ። ከሆጤ። የቅሬው ጠሪ።

ሐጂ ኑሩ፣ ከሰል ነጋዴው፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሲነጋጋ አረፉ። ቀብሩ ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙሁር በኋላ ነው።

ዛሬ። በመጀመሪያው ቀን። ለፈተና እንዲህ የሚቸኩል ሞት አላየሁም።

ዕጣው ወጣ። ጋሽ ይመር እንዲቀሩ ወጣባቸው። ዳኛው፣ ከወፍጮ ጋር። ፊታቸው ተለዋወጠ። ዕጣውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። የደረሳቸው እጃቸውን ታጠቡ፣ ቦታቸውን ለተተኪዎቹ አስረከቡ፣ ፒክ አፑ ላይ ወጡ። ወፍጮው አልቆመም። ማሸጊያው አልቆመም። ምድጃውን ሄጄ አሸተትኩ፤ ብስኩት ብቻ ነው የሚሸተው።

ተመልሼ ገለጻዬን ልለማመድ ቢሮ ስገባ ጋሽ ይመር በሩ ላይ ቆመዋል። የዳኛ ፊታቸው ነው።

«አንተስ?»

ዕጣ ውስጥ የለሁም አልኩ። የቢሮ ሰው ነኝ። ቦርዱ እየመጣ ነው። ይህ ሁሉ ሥራ...

«ለጋሽ አየለ አልቆፈርክም፤ የቅጣትህ ቀብር ይሄ ነው» አሉ። ወደ ወፍጯቸው ተመለሱ።

ደብተር፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ተናደድኩ። ስንት ወር የደከምኩባት ቀን ናት። ሥዕሎቹ ተደርድረዋል። ከረባቴ ታስሯል። መስኮቱ ጋ ቆሜ መስመሩን አየሁ። ማንም ወደ እኔ አልተመለከተም። ማንም የሚጠይቀኝ ነገር አልነበረውም። የቧንቧ ውሃው ልጅ ማሸጊያው ላይ ከኮምቦልቻው ልጅ ጋር ይቀላለዳል። ፕሮግራም የሚሳካው ይህን ሲመስል ነው፤ ባለቤቱ ወጥቶ ቢሄድ ልዩነት በማይኖርበት ቀን። ብዙ ቦታ ላይ ጽፌዋለሁ። እንዲህ እንደሚያስከፋ ግን አልጻፍኩም።

ታምራት ጋ ሄድኩ። አሁን? ዛሬ? አለኝ። አዎ አልኩ። ገለጻዬን ከእጄ ተቀበለ፣ ቀስቶቹን አየ፣ ያለ ቀስት እነግራቸዋለሁ አለ። ለምን የለም ቢሉኝ ምን ልበል?

ቀብር ሄዷል በላቸው። መስመሩ ግን እየሠራ ነው በላቸው።

ካርዴን በሩ ላይ አስጠጋሁ። ፈረቃው ገና መሃል ላይ ነው። ከፈተ።

ፒክ አፑ ሄዷል፤ ይህን የምጽፍልህ ሚኒባሱ እስኪሞላ ነው። ከረባቴን ፈትቼ አንተ ውስጥ አጥፌዋለሁ፣ ይቅርታ። ካፖርቴን ከአሁኑ ለብሻለሁ፤ በዚህ ሙቀት ሰው እያየኝ ነው። ገበሩ ጋሽ አየለ የሰፉት ነው። ለሐጂ ኑሩ ልቆፍር ነው የምሄደው፣ ግን ለሁለት ሰው ነው የምቆፍረው፣ እና ከዙሁር በፊት ካልደረስኩ...

አንድ ሰው ቀረ። ረዳቱ «ደሴ አንድ! አንድ ሰው!» ይላል። ያች ሴትዮ ከገባች

ገባች። ተነሣን፣ መንገዱ እጄን ከነእስክሪብቶው እየነቀነቀው